ሽማግሌ የገባበት ፕላን

እናቴ ስትወልደኝ እንደ ሌላው ሕፃን አልቅሼ ሳይሆን «እሺ» ብዬ ሳልመጣ አልቀርም። «እምቢ» የሚለው ቃል ምላሴ ላይ ሲደርስ ይቀልጣል። ፍኖተ ሰላም ዋናው መንገድ ላይ በእግሬ ስሄድ አንድ ባጃጅ አጠገቤ ዝግ ካለ እገባለሁ። የምሄደው ሁለት ሱቅ አልፌ ቢሆንም እገባለሁ፤ ሰው ለእኔ ብሎ ፍሬን ይዞ እንዴት «አልሄድም» ይባላል? አንድ ጊዜማ ከባጃጁ ስወርድ ያየኝ ባለጋሪ «ይምጡ ጋሼ፣ ላድርስዎ» ቢለኝ በፈረስ ጋሪ ወደ ተነሣሁበት ተመልሻለሁ። የማኅበሬ ብዛት፣ የክርስትና ልጆቼ ብዛት፣ አንድም ቀን ያልነፋሁት ዋሽንት ቤቴ መገኘቱ፣ ሁሉም የዚሁ ጠባይ ፍሬ ነው። ባለቤቴ ዝማም ለዚህ ጠባዬ ያወጣችለት ስም አለ፤ ጨዋ አንባቢ ፊት ስለማይባል እተወዋለሁ።

ለማንኛውም ቦታ ደረሰን። ለዓመታት ስንጠብቅ ኖረን ዕጣ ወጣልንና፣ ከተማው አልቆ ባህር ዛፉ የሚጀምርበት ላይ አንዲት ቁራሽ መሬት ተሰጠችን። ከመሬቷ ጋር ማስጠንቀቂያም ተሰጠን። ሰኔ ሳያልቅ ፕላን አጸድቆ ሥራ ያልጀመረ ሰው ቦታውን ይመልሳል፤ አለቀ።

ዝማም የሰው ቤት ተከራይታ መኖር ሰልችቷታል ብል ነገሩን ማሳነስ ይሆንብኛል። አከራያችን እትየ ብርነሽ ክፉ ሴት አይደሉም፤ ግድግዳቸውን ግን እንደ ልጅ ይወዱታል። ዝማም መዶሻ ካነሣች ከዋናው ቤት ሆነው ይሰማሉ። ሚስማሩ ገና ግድግዳውን ሳይነካ እሳቸው በሩ ላይ ይቆማሉ። ስለዚህ የሠርጋችን ፎቶ ከተጋባን ጀምሮ አልጋ ሥር ተኝቷል። ቦታው የደረሰን ዕለት ዝማም ፎቶውን አውጥታ አቧራውን ጠረገችና እንዲህ አለችኝ፦

«ይህ ቦታ ኸእጃችን የወጣ እንደሁ ሌላ እስኪደርሰን እኔ አርጅቻለሁ። እባክህን፣ በዚህች በአንዷ ነገር ብቻ ቁም ነገረኛ ሁንልኝ።»

እሺ አልኳት። ይህ እሺ ከልቤ ነበር። ችግሩ በዚያው ሳምንት ሌሎች ሁለት እሺዎች መከተላቸው ነው።

የመጀመሪያው ለአያ አንለይ ነው። አያ አንለይ የልጄን ክርስትና ያነሡ አበልጄ ናቸው። አበልጅነት በእኛ አገር ቀላል ነገር አይደለም። ወንድምህን ትቆጣዋለህ፣ ትጣላዋለህ፣ ድንበር ትካሰሰዋለህ፤ አበልጅህን ግን ቀና ብለህ አታየውም። አያ አንለይ ሥራቸው የቤት ፕላን በእጅ መንደፍ ነው። ጠረጴዛቸው እንደ ጣራ ያዘነበለ ነው። ወረቀቱን በላዩ ወጥረው፣ ረጅሙን የእንጨት ማስመሪያ አሳርፈው፣ ትንፋሻቸውን ውጠው አንድ መስመር ይስባሉ። መስመሩ ዳር እስኪደርስ አይተነፍሱም። ረጅም ግድግዳ የነደፉ ቀን ፊታቸው ቲማቲም መስሎ ነው የሚውለው። ሲሳሳቱ ደግሞ ቀለሙን በምላጭ ፍቀው፣ እፍ ብለው፣ የተፋቀውን በጥፍራቸው ጀርባ አሽተው እንደገና ያሰምራሉ። ከከተማችን ቤቶች ብዙዎቹ መጀመሪያ የቆሙት እዚያች ጠረጴዛ ላይ ነው። ከጥቂት ዓመት ወዲህ ግን ጠረጴዛዋ ላይ በቆሎ ሲፈለፈል አይቻለሁ። በቆሎው እየተንከባለለ ያስቸግራል፤ ያዘነበለ ጠረጴዛ ለበቆሎ አይሆንም።

ታዲያ አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ ጃንጥላቸውን ዘርግተው ጎን ለጎን ሄድን።

«ቤት ልትሠራ ነው አሉ» አሉኝ።

«አዎ አያ፣ እግዜር ኸፈቀደ።»

«ደግ ነው።» ጥቂት ተራመድን። «አሁን አሁን ሰው ቤቱን የሚያስነድፈው በመብራት ነው አሉ። እኔማ መብራት የጠፋ እንደሁ ቤቱ ወዴት ይገባ ይሆን እያልኩ እጨነቃለሁ። ለሰው ቤት መጨነቅ ሥራ ሆኖብኝ ነው እንጂ፣ ምን አገባኝ።»

ጎጃሜ እንዲህ ነው የሚለምነው። ያልገባው ሰው «እውነትዎን ነው» ብሎ ያልፋል፤ የገባው ደግሞ እንደ እኔ ይወድቃል።

«ኧረ እኔስ ኸአንቱ ሌላ ማን አለኝ!» አልኩ።

ሁለተኛው እሺ ለቃልኪዳን ነው። ቃልኪዳን የዝማም ታናሽ እህት ናት፤ ተመርቃ መጥታ፣ አንድ ፎቶ ኮፒ ቤት ጥግ ላይ ላፕቶፗን ዘርግታ በኮምፒውተር ፕላን ትነድፋለች። በማግሥቱ የመታወቂያዬን ቅጂ ላስነሣ ብገባ እጄን ይዛ አስቀመጠችኝ።

«ቁጭ በል፣ የእናንተን ቤት ላሳይህ።»

ማንም ያላዘዛት ቤት ስክሪኑ ላይ ቆሟል። በጣቷ ነካ ስታደርገው ይዞራል። ጀርባውን አየሁ፤ ጎኑን አየሁ። ጣራውን እንደ ድስት ክዳን አንሥታ ውስጡን አሳየችኝ። ግቢው ውስጥ ዘንባባ በቅሏል፤ ቀይ መኪና ቆሟል፤ አንዲት ፀጉሯን የለቀቀች ፈረንጅ ውሻ ይዛ ትንሸራሸራለች።

«ቃልዬ፣ ይቺ ሴትዮ ማን ናት?»

«ማንም አይደለችም። ቤቱ ምን ያህል እንደሆነ እንድታሳይ የገባች ናት።»

«ውሻውስ?»

«ከእሷ ጋር ነው የሚመጣው፤ ኖርማል ነው።» ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «እስካሁን የነደፍኩት ሁሉ የትምህርት ቤት ነው። አንድም የተሠራልኝ ቤት የለም። ዘመዴ ያላሠራኝን ባዳ ያሠራኛል?»

እንግዲህ ፍረዱ። እሺ አልኳት። ማታውኑ ዝማም ሰምታ መረቀችኝ። ዝማም እኔን የምትመርቀው እንደ መስከረም አበባ በዓመት አንዴ ነውና፣ «ለአያ አንለይም ቃል ገብቻለሁ» ብዬ ምርቃቱን ማበላሸት አልፈለግሁም። ከሁለቱ አንዱ እስኪረሳው እጠብቃለሁ ብዬ ተጽናናሁ።

ማንም አልረሳም። ሁለቱም ፕላን በአንድ ሳምንት ደረሰ። የአያ አንለይ ፕላን እውነትም የሚያምር ነበር፤ ፊደሉ የድጓ ጸሐፊ የጻፈው ይመስላል። ሳሎኑ በቀኝ በኩል ነው፤ የማኅበር ሰው ከነጋቢው ተዘርግቶ የሚቀመጥበት ሰፊ ሳሎን። መኝታ ቤቶቹና መጸዳጃው በግራ ናቸው። ቃልኪዳን ደግሞ ተቃራኒውን አድርጋዋለች። ሳሎኗ በግራ ነው፤ ወጥ ቤቱም ያለ ግድግዳ እዚያው ሳሎን ውስጥ ገብቷል። መኝታ ቤቶቹና መጸዳጃው በቀኝ ናቸው። ሁለቱም ቤት ነው፤ ሁለቱም ይኖርበታል። እኔ ማድረግ የነበረብኝ አንዱን መርጬ ለሌላው መናገር ብቻ ነበር። ይህን ያህል ቀላል ነገር መሥራት ያቃተው ሰው አይታችሁ ካላወቃችሁ፣ እነሆ።

ምን እንዳደረግሁ ልንገራችሁ። ከቡሬ ሙሉሰው የሚባል ፎርማን አስመጣሁ። ፕላኑ ከመጽደቁ በፊት ቤቱ መሬቱ ላይ እንዴት እንደሚያርፍ ለማየት ችካል ተክሎ ሲባጎ ይወጥራል። አያ አንለይ ጧት ጧት ከኪዳን ሲመለሱ በቦታው በኩል ያልፋሉ። ቃልኪዳን ከሰዓት በኋላ ሥራ ሲቀዘቅዝላት ብቅ ትላለች። ስለዚህ ጧት በአያ አንለይ ፕላን እንወጥራለን፤ ከምሳ በኋላ ነቅለን በቃልኪዳን ፕላን እንወጥራለን። አያ አንለይ ሲመጡ ሳሎናቸው በቀኝ ነው፤ በሲባጎው ዙሪያ ዞረው፣ ራሳቸውን ነቅንቀው፣ «ተመስገን» ብለው ይሄዳሉ። ቃልኪዳን ስትመጣ ሳሎኗ በግራ ነው፤ በስልኳ ፎቶ አንሥታ ትሄዳለች። በመንገዱ የሚያልፍ ገበሬ ሁሉ ችካል ሲነቀል ሲተከል እያየ ቆሞ ይመለከተናል። አንዲት እናትማ አዝነው፣ «ልጄ፣ ኸማን ጋር ነው ድንበር የምትካሰሰው?» ብለውኛል።

ሙሉሰው ትዕግሥተኛ ሰው ነው። ያም ሆኖ በሦስተኛው ቀን መዶሻውን አስቀምጦ፣ «ጌታው፣ ይቅርታ ያርጉልኝና፣ ቤቱ ገና ይንቀሳቀሳል ወይስ ቆሟል?» አለኝ።

«ትንሽ ይንቀሳቀሳል» አልኩት።

ዘዴዬ የተበላሸው በጾም ነው። የሰኔ ጾም ሲገባ ቅዳሴው ወደ ቀትር እንደሚዞር የማያውቅ የለም። እኔም አውቃለሁ፤ ጾመኛ ነኝ። ግን ሰው ሲያታልል ሃይማኖቱን ይረሳል። አያ አንለይ ጧት ሳይመጡ ቀሩ፤ አሟቸው ይሆናል ብዬ ሥራዬን ቀጠልኩ። ከሰዓት በኋላ ሲባጎውን አዙረን ስንጨርስ፣ ቃልኪዳን ከባጃጅ በዚያ ስትወርድ፣ አያ አንለይ ከቅዳሴ ሲመለሱ በዚህ መጡ። ነጠላቸውን አጣፍተዋል። ሲባጎውን አንድ ጊዜ አዩት። ደግመው አዩት።

«ሳሎኔ ወዴት ሄደ?» አሉ።

ሙሉሰው ቀና ልብ ያለው ሰው ስለሆነ ሊያስረዳቸው ፈለገ። «ጧት ጧት እዚያ ማዶ ነው የሚሆነው አባቴ። ኸሰዓት ግን ወዲህ ይመጣል።»

አያ አንለይ አልተቆጡም። ቢቆጡልኝ ስንት በወደድኩ። ፕላናቸውን ከሙሉሰው እጅ ተቀብለው፣ ቀስ ብለው ጠቅልለው፣ ነጠላቸው ውስጥ ከተቱትና፣ «ደህና ዋሉ» ብለው ሄዱ። እኔን፣ የልጅ ያህል የሚያዩኝን ሰው፣ «ዋሉ» አሉኝ። አንቱ መባል እንደዚያን ቀን አሳፍሮኝ አያውቅም። ቃልኪዳን ደግሞ ነገሩ ሲገባት ዓይኗ እንባ ሞላ። «ለማስመሰል ነው ለካ የምትወጥርልኝ?» አለችና በመጣችበት ባጃጅ ተመለሰች። ሁለቱም በየቤታቸው አንድ ዓይነት ነገር ተናገሩ፤ «ለሌላኛው ይስጠው፣ እኔ አልነካውም።» ሁለት ፕላን የነበረኝ ሰው በአንድ ከሰዓት ባዶ እጄን ቀረሁ።

ዝማም ስትሰማ አልጮኸችም። «ሰኔ እኮ ሊያልቅ ነው» አለች። ከዚያ ፎቶውን አልጋው ሥር መልሳ ስታስገባው አየኋት።

እንግዲህ በእኛ አገር ሰው ሲጣላ ሽማግሌ ይገባል። ባልና ሚስት ሲጣሉ ይገባል፤ ደም ሲፈስም ይገባል። ለቤት ፕላን ሽማግሌ ሲገባ ግን የመጀመሪያው የእኔ ሳይሆን አልቀረም። መሪጌታ ልሳነወርቅን ከሁለት አዛውንት ጋር ለምኜ አያ አንለይ በረንዳ ላይ አስቀመጥኩ። ቃልኪዳንም ላፕቶፗን አቅፋ መጣች። መሪጌታ ብዙ ጠብ ያበረዱ ሰው ናቸው፤ የማያውቁት ነገር ቢኖር የቤት ፕላን ነው። ሁለቱ ወረቀቶች ፊታቸው ተዘረጉላቸው። አንዱን አዙረው አዩት፤ መልሰው አዞሩት።

«ራሱ በየት በኩል ነው?» አሉ።

«ኸላይ ሆነው ሲያዩት ነው፣ መሪጌታ» አሉ አያ አንለይ።

«ኸላይማ የሚያይ እሱ ነው» አሉና ወደ ሰማይ አማተቡ። ከዚያ ሁለቱን ወገን በየተራ ጠየቁ። አያ አንለይ ምንም ቅያሜ እንደሌላቸው ተናገሩ። ቃልኪዳንም ምንም ቅያሜ እንደሌላት ተናገረች። ሁለቱም ይህን ያሉት ግድግዳውን እያዩ ነው። ሽማግሌዎቹ ራቅ ብለው ተመካክረው ተመለሱና መሪጌታ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ዕርቅ ማለት ሁለቱም ወገን ትንሽ ትንሽ ሲለቅ ነው። አንዱ ሁሉን ወስዶ ሌላው ባዶ እጁን ቢሄድ ፍርድ ነው እንጂ ዕርቅ አይዶለም። ስለዚህ ቤቱን ኸመካከሉ ከፍለነዋል። ቀኝ ለአባት ይገባልና ቀኙ በአንለይ ፕላን ይሠራ። ግራው በልጃችን በቃልኪዳን ፕላን ይሠራ። ተስማምታችኋል?»

አያ አንለይ ቃልኪዳንን አዩ። ቃልኪዳን ወደ እኔ አየች። ሁለቱም ባለሙያ ናቸው፤ ምን ዓይነት ቤት እንደሚወጣ ከእኔ ቀድመው ገብቷቸዋል። ግን የሽማግሌ ቃል አይረገጥም። ሽማግሌ የረገጠ ሰው ነገ ለቅሶ ቢደርስበት ማን ይመጣለታል?

«ተስማምተናል» አሉ አያ አንለይ።

«ተስማምቻለሁ» አለች ቃልኪዳን።

እኔም «እሺ» አልኩ፤ ማንም ባይጠይቀኝም።

ጉልበት ተሳመ፤ ትከሻ ተሳመ። ቃልኪዳን የአያ አንለይን ልኮች አስገብታ ሁለቱን ግማሽ እዚያው ላፕቶፑ ላይ አጋጠመች። ኮምፒውተር ደግሞ እንደ እኔ እሺ ባይ ነው፤ «ይህ ነገር አያስኬድም» ብሎ አይናገርም። ቀጥል ሲሉት ይቀጥላል። ቤቱ ስክሪኑ ላይ ተነሥቶ እንደ ልማዱ ዞረ፤ ፈረንጇም ከነውሻዋ በግቢው አለፈች። ሽማግሌዎቹ መረቁ። ዝማም ምርቃቱ ላይ ደረሰች። ጎንበስ ብላ የሦስቱንም ጉልበት ስማ፣ ቤቷን ለማየት ወደ ስክሪኑ ጠጋ አለች። በጣቷ አንድ በአንድ ስታነብ ሰማኋት።

«ሳሎን። በረንዳ። ሳሎን።»



«አባቶቼ» አለች ዝማም በትሕትና፣ «ቤቴን ባርካችሁልኛል፣ እግዜር ያክብርልኝ። አሁን ደግሞ ወዴት እንደምተኛ ንገሩኝ።»

መሪጌታ በቀላሉ እጅ የሚሰጡ ሰው አይደሉም። «እንግዲህ ልጄ፣ በቀኙ እንግዳ ይቀመጣል። በግራው ደግሞ…»

«በግራውም እንግዳ ነው፣ መሪጌታ። እንግዶቹ ሲመሽ ወደ ቤታቸው ይሄዳሉ፤ እኛስ ወዴት እንሂድ? መጸዳጃስ ቢያምረኝ?»

መሪጌታ ስክሪኑን አዩ፤ አያ አንለይን አዩ፤ ቃልኪዳንን አዩ። ሁለቱም አንገታቸውን ደፍተዋል። የአያ አንለይ ትከሻ መንቀጥቀጥ ጀመረ። መጀመሪያ የሚያለቅሱ መሰለኝ። ሳቅ ነው። ቃልኪዳን እሳቸውን አይታ አፏን በነጠላዋ ያዘች፤ ከዚያ መሪጌታ ራሳቸው ፈነዱ። ሽማግሌ ሲስቅ እንዲህ አንጀት እንደሚያርስ አላውቅም ነበር።

«ለካስ ያስታረቅነው ሰዎቹን ነው እንጂ ወረቀቶቹን አይዶለም» አሉ መሪጌታ ዓይናቸውን እየጠረጉ። «በሉ፣ ሰዎቹ ኸታረቁ ወረቀቱን እነሱው ያስታርቁ። እኛ በዚህ የለንበትም።»

የቀረን ሁለት ቀን ነው፤ አንዱ ፕላን ለማጽደቅ፣ አንዱ ሥራ ለመጀመር። በማግሥቱ ጧት አያ አንለይ በሚነድፉበት ሱቅ ተሰበሰብን፤ በቆሎው ከጠረጴዛው ተነሣ። ሌሊት የዘነበው ዝናብ መብራቱን ይዞት ሄዷል። ቃልኪዳን ፕሪንት ማድረግ አትችልም፤ ላፕቶፗ ላይ የቀረው ቻርጅ ትንሽ ነው። አያ አንለይ ስለ መብራት መጥፋት አንድ ቃል አልተናገሩም። በዚያች ሰዓት አለመናገራቸው ብቻ ያስመሰግናቸዋል።

እርሳስ ከማንሣታቸው በፊት ወደ ዝማም ዞሩ። «አንቺስ እንዴት ያለ ቤት ነው የምትፈልጊ?»

ዝማም ደነገጠች። ለካስ እስከዚያች ቀን ድረስ ይህን የጠየቃት ሰው የለም። እኔም አልጠየቅኋት። ከአያ አንለይ ጋር ስለ ሳሎን፣ ከቃልኪዳን ጋር ስለ ጣራ፣ ከፎርማኑ ጋር ስለ ሲባጎ ስነጋገር ነው የከረምኩት። ይህን ሳስበው ዛሬም አፍራለሁ።

«መኝታ ቤቱ የጧት ፀሐይ ቢገባው» አለች ቀስ ብላ። «ጓዳው ደግሞ የሚዘጋ በር ቢኖረው። የጓዳዬን ሁሉ እንግዳ እያየው አልወድም። ሳሎኑ ትልቅ ባይሆንም ግድ የለኝም፤ ማኅበሩ ተጠጋግቶ ይቀመጥ።»

ሁለቱን ሥራ ጎን ለጎን ያየሁት ያን ቀን ነው። ቃልኪዳን ግድግዳ ስታነሣ ግድግዳው በነበረበት ቦታ ምልክት አይቀርም። ብትሳሳት ደግሞ አንዲት ቁልፍ ነክታ ወደ ኋላ ትመለሳለች፤ ስሕተቱ ያልነበረ ይሆናል። ዝማም ይህን አይታ ወደ እኔ ዞረችና፣ «ይህን ቁልፍ ለባልም ይሠሩለት ይሆን?» አለች። የአያ አንለይ ወረቀት ግን ይቅር ይላል እንጂ አይረሳም። የተፋቀው ቦታ ይሳሳል። ወረቀቱን ወደ መስኮቱ ብታነሡት፣ ግድግዳው መጀመሪያ የት እንደነበረና ማን ወደ የት እንዳዞረው ይታያል። ስለዚህ እሳቸው ከማስመራቸው በፊት ያስባሉ፤ እሷ ካሰመረች በኋላ ታስባለች። የትኛው ይሻላል ብትሉኝ፣ እኔ ከሁለቱም በፊት «እሺ» የምል ሰው ስለሆንኩ ለፍርድ አልበቃም።

ከሁለቱም ፍጹም የሆነ አልነበረም። ቃልኪዳን የአያ አንለይን ቁጥሮች ደምራ፣ የውስጥ ክፍሎቹ ከውጭው ግድግዳ እንደሚበልጡ አገኘች።

«አያ፣ ቤቱ ከውጭ ይልቅ በውስጥ ይሰፋል።»

«በረከት ነዋ» አሉና አስተካከሉት። እሳቸው ደግሞ የእሷን መኝታ ቤት ትኩር ብለው አይተው፣ «ይህ በር ሲከፈት አልጋውን ይመታል። ባልየው አምሽቶ የመጣ እንደሁ በሩ ይመሰክርበታል» አሉ። ዝማም በሩ እንዳለ እንዲቆይ ፈለገች። ብዙ ተለምና አዞሩት።

ቃልኪዳን ልኩን ከስክሪኑ ታነባለች፤ አያ አንለይ ትንፋሻቸውን ውጠው ያሰምራሉ። ደቃቁን ቁጥር የሚጽፉበት ላይ ሲደርሱ እጃቸው ቆመ። መነጽራቸውን አወለቁ፤ ጠርገው መልሰው አደረጉት።

«ዓይኔ እንኳ ድሮም ለደቃቅ ነገር…» አሉና አልጨረሱትም።

ቃልኪዳን ብዕሩን ከእጃቸው ተቀብላ ቁጥሮቹን ጻፈች። ፊደሏ ከእሳቸው ፊደል አጠገብ የዶሮ ጭረት ይመስላል። አያ አንለይ አይተው፣ «ይነበባል፣ ግድ የለም» አሏት። የመጨረሻውን ልክ እንዳነበበች ላፕቶፑ ጠፋ።

ማዘጋጃ ቤት ስንደርስ ሊዘጋ ነው። ወረቀቱን የሚቀበለው ሰው አገላብጦ አየና፣ «የኮምፒውተሩን ቅጂ መብራት ሲመጣ በፍላሽ ታመጣላችሁ፣ ለዛሬ ወረቀቱ ይበቃል። ነዳፊው እዚህ ይፈርም» አለ። እዚህ ላይ ደግሞ ሌላ ጣጣ።

«አንቺ ፈርሚ፣ ያንቺ ነው» አሉ አያ አንለይ።

«ኧረ አያ! እርስዎ እያሉ እኔ?»

«ተይ ልጄ፣ አንቺ ነሽ ልኩን ያወጣሽ።»

«ያሰመሩት እርስዎ ነዎት፤ በሞቴ ይፈርሙ!»

ሰውየው ሰዓቱን አየ። እሱም ጎጃሜ ነውና ጨዋነቱ አሸነፈው። «በእውነቱ ታላቅ እያለ ታናሽ አይቀድምም፤ ልጅቱ እውነቷን ነው» ብሎ ራሱ ገባበት። ይሄኔ ዝማም ብዕሩን አንሥታ በአያ አንለይ እጅ አስያዘች። «ይፈርሙ አያ። አንቺም ኸሥር ፈርሚ። የቀረውን መግደርደር በመንገድ ትጨርሱታላችሁ።» ተፈረመ፤ ማኅተሙ ወረደ።

በማግሥቱ በሁለት ዝናብ መካከል ሙሉሰው ሲባጎውን ወጠረ።

«ቆሟል ወይ?» አለኝ።

«ቆሟል» አልኩት።

ሠራተኞቹ መሬቱን መቆፈር ጀመሩ። ዝማም በጭቃው ገብታ፣ ሙሉሰው በር ብሎ ክፍት በተወው በኩል አልፋ፣ ሳሎን በሚሆነው መካከል ቆማለች። አያ አንለይ መጡ። ሲባጎው ከቁርጭምጭሚት ከፍ አይልም፤ ሕፃን ይሻገረዋል። እሳቸው ግን ዞረው በሩ ጋ ደረሱና ቆሙ። ጃንጥላቸውን አጠፉ።

«ቤቶች!» አሉ ጮክ ብለው። «ቤቶች!»

በኪራይ ቤት በኖርንበት ዘመን ሁሉ «ቤቶች» የሚል ሲመጣ ከዋናው ቤት የሚመልሱት እትየ ብርነሽ ነበሩ፤ ወደ እኛ የመጣም ቢሆን። ዝማም መልሳ አታውቅም። «ይግቡ አያ!» አለች፤ ድምፅዋ መሀሉ ላይ ተሰበረ። «ይግቡ፣ ቤት ለእንግዳ!» አያ አንለይ ጫማቸውን ጭቃው ላይ ጠርገው ገቡ። ቃልኪዳንም ተከትላቸው በበሩ ገባች። እኔም ልቤ ተነክቶ፣ ወደ ሚስቴ ልሄድ ሲባጎውን በአንድ እግሬ ተሻገርኩ።

«ተመለስ!» አለችኝ ዝማም። «ግድግዳ ጥሰህ ነው እንዴ ሰው ቤት የምትገባ?»

እግሬን መለስኩ። ዝናቡ ማካፋት ጀምሯል። በመኝታ ቤቱ ጎን፣ በጓዳው ጀርባ፣ ጫማዬን እየዋጠብኝ ባለው ጭቃ ውስጥ ቤቱን ዞርኩትና በሩ ላይ ቆሜ፣ «ቤቶች!» አልኩ።

«ማነው?» አለች፣ እያየችኝ።